በዋሻው አፍ የተተከለ ዱላ

ሚስቴ ስሜነሽ አትቀመጥም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ምግብ ቀርቦ ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ስንከብ፣ እሷ አንድ ጊዜ ትጎርስና ተነስታ የበረቱን መዝጊያ አይታ ትመለሳለች። ሁለተኛውን ስትጎርስ ደግሞ የጓሮው ትዝ ይላታል። አንዴ አዲስ ቅዳም ሠርግ ተጠርተን መንገድ ከጀመርን በኋላ «እሳቱን አዳፍኜዋለሁ?» ብላ ከግማሽ መንገድ መለሰችን። እሳቱ በደንብ ተዳፍኗል። እኛ ስንደርስ ግን ሙሽሮቹ ሄደው ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። እኔ ምህረቴ በተፈጥሮዬ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ሰነፍ የሚሉኝም አይጠፉም። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር መኖር ቆሞ እንደ መብላት ነው፤ ትጠግባለህ፣ ግን አልጣመህም።

የምንኖረው ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ ጋሪው ግማሽ መንገድ አድርሶህ የሚመለስበት ሰፈር ነው። በጋውን የምንኖረው ከወንዙ ተጠልፎ በሚመጣ በአንድ ቦይ ነው። ሽንኩርቱም ድንቹም የሚጠጣው ከእሱ ነው። ቦዩን የሚያዘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ዛሬ ማን ያጠጣል፣ ነገ የማን ተራ ነው፣ የውሃው በር መቼ ተከፍቶ መቼ ይዘጋል፣ ይህ ሁሉ የእሱ ቃል ነው። የቀድሞው የውሃ አባት ለአማቾቹ እያዳላ ሰው ሊፈናከት ሲደርስ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ሽማግሌ ተነሱና «እንቅልፍ የሌለውን ሰው ምረጡ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ስሜነሽን አያት። እሷ ያኔም ቢሆን ከስብሰባው ኋላ ቆማ ነበር። ሴት በዚህ ሥራ ላይ ታይታ ስለማታውቅ «የውሃ እናት» እንበላት ያሉ ነበሩ፤ አፋችን ግን አልለመደውም። እስከ ዛሬ የውሃ አባት ስሜነሽ ትባላለች፤ እኔም የውሃ አባት ባል እባላለሁ። ገበያ ላይ ስንት ሰው ስቆብኛል።

በሩ ያለው ላይ፣ ግድቡ ጋ ነው። ዳገቱን ወጥቶ እዚያ ለመድረስ ላብ ይጠይቃል። ከበሩ ወርዶ መሀል ላይ ሲደርስ ቦዩ አንድ ጉብታ ሰንጥቆ በመሬት ውስጥ ያልፋል። በድንጋይ የተገነባ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ብቻ የሚሄድበት ጨለማ ነው። እኛ ዋሻው እንለዋለን። በክረምት ደለል ይሞላዋል፤ በኅዳር ውሃ ከመለቀቁ በፊት ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘን እየገባን እንጠርገዋለን። ውስጥ ሆነህ ሜዳ ላይ የሚጮህ ሰው አይሰማህም። አንተ እዚያ እያለህ በሩ ቢከፈት ውሃው ይቀድምሃል። ስለዚህ ከአባቶቻችን የቆየ ልማድ አለን። ወደ ዋሻው የሚገባ ሰው ዱላውን አፉ ላይ ይተክላል፤ ሲወጣ ይነቅለዋል። ዱላ ቆሞ ሳለ የውሃ አባት በሩን አይነካም። በዚህ ኖረናል፤ ዋሻው ሰው በልቶብን አያውቅም።

እንግዲህ አምና አንድ ፕሮጀክት መጣና በሩ ላይ ሞተር ገጠመ። ሶላር ቆመ፣ በሩ ጋ አንድ ካሜራ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሌላ ካሜራ ተሰቀለ። ይህን ሁሉ ይዞ የመጣው ሙእሚን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። አባቱን ዓብዱልሀሚድን ዳንግላ ቱቦና የፓምፕ ዕቃ ሲሸጡ እናውቃቸዋለን፤ ልጁ የሚሠራው እንጅባራ ነው። ሰዉን ሰብስቦ ነገሩን አስረዳን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ ኤጀንት ይባላል አለን።

«ሲጠይቁት የሚመልስ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ይሠራል» አለ። «ተራውን ያውቃል፣ ወንዙን ይለካል፣ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እትዬ ስሜነሽ ከእንግዲህ ዳገት አይወጡም። ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልክ ያዝዙታል።»

«ቁጭ ብለው» ሲል ሰዉ ሳቀ። ልጁ ለምን እንደተሳቀ አልገባውም።

«ግን ዝም ብሎ ሥራ አይጀምርም» ብሎ ቀጠለ። «አስቀድሞ መፈተን አለበት። ዝግጁ ነው፣ ይጀምር የሚለው ቃል የእርስዎ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ይጀምር ካላሉ እኔም አላስጀምረውም።»

ይህን ለስሜነሽ መናገር አልነበረበትም። ለራበው ሰው ማጀት እንደ መክፈት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። ስልኩ ከእጇ አይለይም። ሊጥ እያቦካች ትጠይቀዋለች፣ ላም እያለበች ትጠይቀዋለች። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው፣ የሬዲዮ ሰው ይመስላል። እሷ «አንተ» ትለዋለች፣ እሱ «እርስዎ» ይላታል። እኔን በሃያ ዓመት ትዳር ያልጠየቀችኝን እሱን ጠየቀችው፤ አልዋሽም፣ ቅር ብሎኛል።

መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው። «ኔትወርክ ጠፍቶ እኔም አልሰማህ፣ አንተም አልሰማኸኝ እንበል። ምን ታደርጋለህ?»

«በተራው መሠረት ሥራዬን እቀጥላለሁ» አለ።

ስሜነሽ ሙእሚንን ዞራ አየችው። «ላስቆመው እየጮህኩ ባይሰማኝስ? ሰው የማይሰማ ከሆነ በሩን ይዝጋ።»

«እትዬ፣ እዚህ አገር ኔትወርክ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ያውቃሉ?»

«እንግዲያው ያን ያህል ጊዜ ይዝጋ።»

ሙእሚን አንገቱን ነቅንቆ አስተካከለው። እሷም አላመነችም፤ ሲም ካርዱን አስወልቃ፣ ዳገቱን ራሷ ወጥታ፣ በሩ መዘጋቱን በእጇ ዳስሳ ነው የተመለሰችው።

ቀጥላ ተራ የሚሰርቅ ሰው ቢመጣስ አለች። የሌባው ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ ደወልኩና ድምፄን አወፍሬ «ዓለምነው ነኝ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ማሳዬ ደርቋል፣ አሁኑኑ ክፈት» አልኩት።

«አቶ ዓለምነው፣ ተራዎ ነገ ነው» አለኝ በትሕትና። «ከተራ ውጭ የሚያስከፍቱት የውሃ አባት ብቻ ናቸው። ጥያቄዎን ለእሳቸው አደርሳለሁ።»

ወዲያው የስሜነሽ ስልክ ሲናገር ሰማሁት። «አቶ ዓለምነው ነኝ ያለ ሰው ከተራ ውጭ ውሃ ጠይቋል። የደወለው ግን ከባለቤትዎ ስልክ ነው።» ስሜነሽ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ወሬው ዓለምነው ጆሮ ደርሶ እሱ ደግሞ አኩርፎኝ ሰነበተ።

ከዚያ ማስቆም መጣ። በሩ እየተከፈተ ሳለ «ዝጋ» ትለዋለች፣ ይዘጋል። «ክፈት» ብላ አፏን ሳትገጥም «ተው» ትለዋለች፣ ይተዋል። ሞተሩ እስኪግል ድረስ ይህንኑ አደረገች። በመጨረሻ ሙእሚን «እትዬ፣ ሳይጀምር ልትገድዪብኝ ነው እንዴ» አለ፤ እርስዎ ማለቱ እንኳ ጠፋበት።

አንድ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳትለን በድንገት «ዱላ ታውቃለህ?» አለችው።

«ዱላ ከእንጨት የሚሠራ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው» አለ።

«ዋሻው አፍ ላይ ተተክሎ ብታየውስ?»

«ስለዚያ የተነገረኝ ነገር የለም።»

ሙእሚንም የከተማ ልጅ ስለሆነ ልማዳችንን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ለእሱ የነገረውም የለም። እኛ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መንገር እንደሚያስፈልግ አልታሰበንም። ሲሰማ ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፈውም፤ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ዋሻው ወረደ። ለቀናት ዱላ ስንተክል ስንነቅል ሰነበትን። ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ ከዘራውን፣ በማታ ብርሃን፣ በጉም። አንድ ጊዜ የተዘጋ ጃንጥላ ዱላ ነው ብሎ በሩን አልከፍትም አለ፤ ስሜነሽ «ግድ የለም፣ በዚህ በኩል ቢሳሳት ይሻለኛል» አለች። በመጨረሻ ሕጉ እንዲህ ሆነ። ዱላ ካለ እሷ ብታዘውም አይከፍትም። ዱላ ከሌለ ይጠይቃታል፣ እሷ እሺ ካላለች አይከፍትም።

«ክፈት» አለችው አንድ ዱላ ቆሞ ሳለ።

«ዱላ አለ። አልከፍትም።»

«እኔ ነኝ የማዝህ።»

«ቢያዙኝም አልከፍትም። የገባው ሰው ይውጣ።»

ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ያን ዕለት ቢያንስ ታርፋለች ብዬ ነበር። ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም ቆም ትላለች።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል።»

«ምን?»

«ባውቀውማ ምን አለ። ብቻ ቀርቶኛል።»

ተናደድኩ። ምን ይቀራታል? የቀረ ነገር የለም። የሽንኩርቱ ችግኝ መደቡ ላይ እየጠወለገ ነው፤ ሰዉ ማልዶ ደጃችን እየመጣ «የውሃ አባት ምን አለች?» ይለኛል፤ ዓለምነው ኩርፊያውን ትቶ ጭቅጭቅ ጀምሯል። እሷ ግን ጠዋትም ማታም «ቀርቶኛል» ትላለች። ኪሷን እየዳበሰች የጠፋባትን የማታውቅ ሰው መሰለችኝ።

በመጨረሻ የጠረጋው ቀን ደረሰ። ዋሻው ይጠረጋል፣ ሰዉ ይወጣል፣ ኤጀንቱ የመጀመሪያውን ውሃ ይለቃል ተባለ። የመጨረሻው ፈተና እሱ ነው። ሌሊት ወጥተን በየተራ እየገባን ደለሉን በአካፋ አወጣነው። ዋሻው አፍ ላይ ዱላ እንደ አጥር ተደርድሮ ነበር። አባቴ አቶ ይኸነውም መጥተው ከዋሻው አፍ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ወደ ዋሻው አይገባም፤ ተቀምጦ ይመርቃል፣ ይቆጣጠራል፣ ያላማረውን ይነቅፋል። አባቴ ሦስተኛውን አሳምረው ሠሩ። ዋሻው ሲሠራ በወጣትነታቸው ድንጋይ ካነጠፉት አንዱ ናቸውና «እዚያ ጥጉ ጋ አልተፋቀም» እያሉ ቀኑን ሙሉ አደረቁን። እኛም እሺ እሺ እያልን አልፈናቸዋል።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ዱላውን እየነቀለ ምግብና ጠላ ወዳለበት ሄደ። እኔና ሙእሚን ከዓለምነው ጋር ሞተሩን ለማየት ወደ በሩ ወጣን። ስሜነሽ እስከ ታችኛው ማሳ ድረስ ቦዩን ዳር ዳሩን ስታይ ቆይታ ወደ ዋሻው ተመለሰች፤ ካሜራ ቢኖርም በዓይኗ ሳታይ እንደማትፈቅድ ቀድማ ነግራናለች። እዚያ የሆነውን የምነግራችሁ ኋላ እሷ እንደነገረችኝ ነው።

ዋሻው አፍ ጋ ስትደርስ አንድ ዱላ መንገዱ ላይ ተጋድሞ አገኘች። ጫፉ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ የአባቴ ነው። ከዛፉ ሥር ስታይ እሳቸው የሉም። ረስተውት ወደ ሰዉ ሄደዋል አለች በልቧ። የሽማግሌ ዱላ መሬት ላይ ተጥሎ ሰው ሲራመደው ማየት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ምራት ደግሞ የአማቷን ዱላ ረግጣው አታልፍም። አነሳችው። ላደርስላቸው ብላ በግራ እጇ ያዘችው።

ላይ ሆነን ከመስመሩ ጋር የተገናኘውን የሙእሚንን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርገን እየሰማን ነው። ኤጀንቱ ተናገረ።

«የውሃ አባት፣ ተራው ደርሷል። ዋሻው አፍ ላይ ዱላ የለም። ልክፈት?»

ከስልኩ የሰማነው የእግሯን ኮቴ ብቻ ነው።

«ምን ትጠብቃለች?» አለ ዓለምነው። «በያ እሺ በዪው፣ ስሜነሽ። ችግኙ አለቀ።»

እኔም ከዓለምነው ባልተናነሰ ሰልችቶኝ ነበር። ሙእሚን ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በሉ አለን።

«ልክፈት ወይስ ልጠብቅ?» አለ ኤጀንቱ እንደገና።

እሷ ደግሞ እሱ የለም ያለውን በዓይኗ ልታይ ወደ ዋሻው አፍ ጠጋ ብላለች። ዱላ የለም። እውነቱን ነው። ጭቃው ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ፣ ጠርዙ በአንድ በኩል የተቀደደ፣ ገና ያልደረቀ። የሌሎቹ ዱላዎች ቀዳዳ ሁሉ ቀጥ ብሎ የተነቀለ ነው፤ ይህ አንዱ ግን ዱላው ወድቆ ሲወጣ የተሰነጠቀ ነው። እጇ ላይ ያለውን ዱላ ገልብጣ ታችኛውን ጫፍ አየች። ስንዝር የሚያህል ርጥብ ጭቃ ይዟል።

በስልኩ የሰማነው ድምፅ የእሷ አይመስልም ነበር። «እንዳትከፍት።»

«አልከፍትም» አለ።

«እኔ ብልህም እንዳትከፍት።»

«እሺ።»

ከዚያ ስልኩ ጭቃ ላይ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ኤጀንቱ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ «ዱላ ተተክሏል። በሩ ዝግ ይቆያል» አለ።

እኔና ሙእሚን ቁልቁል ሮጥን። ስደርስ ስሜነሽ የለችም። ዋሻው አፍ ላይ የቆመው ዱላ ብቻ ነው፣ ባለ መዳብ ሽቦው። አወቅሁት። አባቴ ውስጥ ናቸው፣ ሚስቴም ተከትላ ገብታለች። ገብቼ ላወጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ በሚተላለፍበት ቦታ ሦስተኛ ሆኜ መንገድ መዝጋት እንዳይሆን ፈራሁ። ላይ ያለውን በር አሰብኩ። ያንን ሞተር አሰብኩ። ስሜነሽን ስለ ሠርጉ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ በረቱ መዝጊያ ያልኳትን ሁሉ አሰብኩና አፈርኩ።

ከውስጥ በአዊኛ የሚነታረክ ድምፅ መጣ። አባቴ ናቸው፤ ጥጉ አልተፋቀም፣ ዘንድሮ ወጣት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉን በራሴ እጅ ካልሠራሁ ይላሉ። መጀመሪያ ስሜነሽ ወጣች፣ ከእግሯ እስከ ፀጉሯ ጭቃ ለብሳ። ቀጥለው እሳቸው፣ የደለል መፋቂያ ይዘው። ሳያዩ፣ በልማድ፣ እጃቸውን ወደ ጎን ሰደዱ። ዱላው የተከሉት ቦታ ላይ ነበር። ነቀሉት፣ ጭቃውን በሣር ጠረጉት፣ ተደገፉት።

መሬት ላይ ያለው ስልክ ተናገረ። «ዱላ የለም። ልክፈት?»

አሁን በእውነት የለም።

«ክፈት በዪው እንጂ» አሉ አባቴ ስሜነሽን ተቆጥተው። «ችግኙ ደረቀ እኮ። ይህን ውሃ ስታጣሪ ልታከርሚ ነው?»

«ይቅርታ አባባ» አለች። «ዛሬ አይከፈትም።»

ሙእሚን ስልኩን አንስቶ በእጅጌው ጠረገው። ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ» አለ በቀስታ፣ «ዱላውን ካሜራው ሳያየው ቀርቶ ነው? ጥፋቱ የእኛ ነው?»

«የለም፣ እሱ ያየውን ነገረኝ። ጠየቀኝም።» ሁለቱንም መዳፎቿን ከፍታ አየቻቸው። «በዚህኛው ስልኩን ይዣለሁ፣ በዚህኛው ዱላውን። ይህን ሁሉ ቀን እሱን ስንፈትን እሺ የምለውን እኔን አልፈተናችሁኝም። የቀረኝ ይሄ ነው።»

ሙእሚን፣ ኤጀንቱ ዱላውን የነቀለው የተከለው ሰው መሆኑን ሳያረጋግጥ ልክፈት ብሎ እንኳ እንዳይጠይቅ አድርጌ እመለሳለሁ አለ። እሷም «እኔንም ደግሞ እንደማንም ሰው ጠርጥረኝ» አለችው። እስከዚያ ዳገቱን እንደ ድሮው በእግሯ ልትወጣ ነው፤ ሰዉ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ይህን ብላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለዋሻው ድንጋይ ሰጥታ። አልተነሳችም። ከታች ሰዉ እየጠራ ነው፣ በረቱ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ምንም አላየችም። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

አባቴ የሆነውን አያውቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይህችን ልጅ ተቀምጣ ሳያት ዛሬ ገና ነው» አሉኝ። «ምን ነካት?»

«ደክሟት ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።